ሳይወጣ የቀረው ስም

ልጄ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ስልኩን ያያል። ምራቴ ረጅሙ ሶፋ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ሕፃኗ ከሶፋው አጠገብ በትንሿ አልጋዋ ውስጥ ተኝታለች። የስም አማካሪዋ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆማለች፤ ጫማዋን አላወለቀችም። የምራቴ እናት የኩሽናው በር ላይ ናቸው፤ ተቀመጡ ሲባሉ «እዚሁ ይሻለኛል» ብለዋል። እኔ ከመውጫው በር አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ቤቱ ሲኤምሲ ነው፤ የልጄና የምራቴ አፓርታማ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ። ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የተሰበሰብነው ለልጅቷ ስም ለማውጣት ነው። ክርስትናዋ በሚቀጥለው እሑድ ስለሆነ ኬኩ ላይም ግድግዳው ላይም የሚጻፍ ስም ያስፈልጋል ተባለ። ከተወለደች ሁለት ወር አልፏታል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስሟ ቤቢ ነበር። ቤቢ ጠባች፣ ቤቢ ተኛች ይባላል። ልጅ ያለ ስም ሁለት ወር መቆየቱ አልገረመኝም። የገረመኝ ምክንያቱ ነው። ምራቴ የምትፈልገው ማንም የሌለው ስም ነበር፤ ትርጉሙም ከጥንታዊ ግሪክ መምጣት ነበረበት። ለምን ከግሪክ እንደሆነ በስልክ ጠይቄያት ነበር።

«እማማ፣ ጥልቀት አለው» አለችኝ።

የምን ጥልቀት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ትመልስልኝ ነበር፤ እሱን ፈርቼ ነው።

የስም አማካሪ የሚባል ሥራ መኖሩን ያወቅሁት በዚያው ሳምንት ነው። ልጄ ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ ቢሮ ማስታወቂያ ይሠራል፤ አማካሪዋንም ያገኛት በሥራው በኩል ነው። ለሻምፖ፣ ለታሸገ ውሃ፣ ለሕንፃ ስም ታወጣለች። በቅርቡ ደግሞ ለሕፃናት ጀምራለች። ልጄ ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስቀውና የማያስቀው ነገር እንደተምታታበት ነው።

ወደ ላይ ስንወጣ የሆነውን አስቀድሜ ልጻፍ፤ አለዚያ የኋላው አይገባም።

ከምራቴ እናት ጋር የተገናኘነው ደረጃው ሥር ነው። እሳቸው ከሰሚት፣ እኔ ከኦሎምፒያ፣ ሁለታችንም በሚኒባስ መጥተናል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሊፍቱ አይሠራም። ለአራስ ልጃቸው አጥሚት የሚሆን የገብስ ዱቄት በፌስታል ይዘዋል። ላግዝዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ከልጆቻችን ሠርግ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል፤ ብዙ ግን አልተነጋገርንም። እሳቸውም ቁጥብ ናቸው፤ እኔም ወሬ አልወድም። አራተኛው ፎቅ ላይ እግራቸው እምቢ ሲላቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አሉ። «ለልጄ ግን እንዳይነግሯት።»

ባለቤታቸው ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። አሁን ሰሚት ከሚባለው ሰፈር ከፊሉ የእኚህ ሰው እርሻ ነበር። ጤፍና ሽምብራ ያበቅሉበት በነበረው ላይ ፎቅ ከበቀለበት በኋላ እሳቸውም በኮንዶሚኒየም ሁለት ክፍል ውስጥ ነው የሞቱት። ምራቴ ማርገዟን የነገረቻቸው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ነው። ልጃቸው ከክፍሉ ከወጣች በኋላ ሚስታቸውን ጠርተው፣ ወንድ ከሆነ ወላጆቹ ያውጡለት፣ ሴት ከሆነች ግን ስሟ ይህ ነው ብለው ነገሯቸው። ለሌላ ለማንም አልተናገሩም። ሴትየዋ ያንን ስም ከክረምት ጀምሮ ይዘውት ይዞራሉ።

«ታዲያ ለምን እስካሁን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው።

«አልጠየቁኝማ።»

በእነሱ ቤት ስም የሚወጣበት ሥርዓት አለ። የልጁ ወላጆች ሕፃኑን ለሽማግሌው ያሳቅፉና «ስም አውጡልን» ይላሉ። ሽማግሌው ይመርቃል፣ ከዚያ ስሙን ይጠራል። እስኪጠየቅ ድረስ ግን ስም ቢኖረውም ዝም ይላል። አባትየው ስለሌሉ አሁን የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«እሳቸውም ቢኖሩ እስኪጠየቁ ይጠብቁ ነበር» አሉ። «አደራ ነው እትዬ። እንደ ወሬ ጣል አይደረግም።»

«ልጅዎ ይህን ታውቃለች?»

«ሥርዓቱን ታውቃለች። ወንድሟ ልጅ ሲወለድለት ሕፃኑን ያሳቀፈቻቸው እሷ ናት።» ፌስታሉን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ «ዛሬ ትጠይቀኛለች። ለዚሁ ብላ ይሆናል የጠራችኝ» አሉ።

ስሙን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በኦሮምኛ መሆኑን ብቻ ነገሩኝ።

«ለልጅዎ አፉ ላይ ይከብደው ይሆን?» አሉ።

«የግሪኩ ካልከበደው ይህ አይከብደውም» አልኳቸው።

ሳቁ። ላጽናናቸው ብዬ አልነበረም። ተነስተን ቀሪውን ወጣን። ስድስተኛው ፎቅ ስንደርስ መብራት መጣ።

የሰው አቋቋም ቀደም ብዬ እንደጻፍሁት ነው። አማካሪዋ ኮምፒውተሯን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ ታሳይ ጀመር። ከእያንዳንዱ ስም ጋር እጅ የሌላት የድንጋይ ሴት አለች። አንዱ ስም ትርጉሙ «ነፋስ የሚታዘዛት» ነው። አንዱ «የማትጠወልግ»። አንዱ ደግሞ «ሰዎችን ከሩቅ የምትጠብቅ» ነበር፤ ይህኛው የዘበኛ ሥራ መሰለኝ። አማካሪዋ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ካሳየች በኋላ በቀስታ ትለዋለች፤ ልጄና ምራቴም ተከትለዋት ይላሉ፤ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ሦስቱም ግሪክኛ አያውቁም። ይህ አንዳቸውንም አላሳሰባቸውም።

እኔ ግሪክኛ አላውቅም፤ ግሪክ ግን አውቅ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ታይፒስት ሆኜ ከመቀጠሬ በፊት፣ ፒያሳ በአንድ ግሪክ ግሮሰሪ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ሰርዲን፣ የወይራ ፍሬ፣ ጨው ውሃ ውስጥ የተነከረ ነጭ አይብ ይሸጣል። ቁጡ ሰው ነበር፤ አማርኛው የሚጠራው ሲሳደብ ነው። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ክርስትና በተነሳች ማግስት ግን ስኳር የተለበጠ ለውዝ በትንሽ ከረጢት አድርጎ ሰጠኝ። ማን አላችኋት ብዬ ብጠይቀው የሴት ልጁን አማት ስም ነገረኝ። ሌላ ስም አላሰባችሁም ወይ አልኩት። እንደ ሞኝ አየኝና፣ «የአባቷ እናት አለች እኮ። ሌላ የማንን ስም እናወጣለን?» አለ።

ይህን ለቤቱ ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ይሻል ነበር።

«ማዘር፣ እሱ የአሁኑ ግሪክ ነው» አለች አማካሪዋ። «እኛ የምንጠቀመው ጥንታዊውን ነው።»

«እማዬ፣ በቀጥታ ንገሪና» አለ ልጄ ከመስኮቱ። «ያንቺ ስም እንዲወጣላት ፈልገሽ ነው አይደል?»

ምራቴ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። አማካሪዋ ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «በጣም ክላሲክ ነው» አለች። ከሻምፖ ጋር የሚሠራ ሰው ክላሲክ ሲል የማይሸጥ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

በመሃል ምራቴ ወደ እናቷ ዞር ብላ፣ «እማ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ…» ስትል ሴትየዋ ከበሩ መቃን ቀና አሉ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ልጅቷ ግን ዓረፍተ ነገሩን የጨረሰችው «…የቱ ቀለም ይሻላል፣ ነጩ ነው ወርቃማው?» ብላ ነው። ለኬኩ ነበር። እናትየው ነጩ ይሻላል አሉና ተመልሰው መቃኑን ተደገፉ።

ቀጥሎ ድምፅ ተሰጠ። ለእያንዳንዱ ስም ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ በስልክ ይሰጣል። የእኔም የምራቴ እናትም ስልክ ደዋይና ተደዋይ ብቻ ስለሆነ፣ አማካሪዋ በቃል ንገሩኝ አለችን። የሁለታችንንም ድምፅ ደምራ እንደ አንድ ቆጠረችው። «ሲኒየር ድምፅ» የሚል ስም አወጣችለት። እሷ ስም የማታወጣለት ነገር የለም።

ያሸነፈውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ልጅቷ አድጋ ታነበው ይሆናል፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ ሰው ትንፋሽ ይሰበስባል። ትርጉሙ «የንጋት ጠል» ነው ተባልን።

«ጠል?» አሉ የምራቴ እናት። ከገባን ጀምሮ ስለ ስም የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። «ጠል ያለበትን ሣር የጋጠች ላም ሆዷ ይነፋል። እኛ ፀሐይ ሳይወጣ ከብት አናሰማራም ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ማዘር ኮሜዲያን ናቸው» አለች አማካሪዋ። ልጄም፣ «ይሄ የግሪክ ጠል ነው እማማ፣ ላም አይነፋም» አላቸው። እሳቸው ሊያስቁ አልነበረም። የልጅ ልጃቸው ክፉ ትርጉም ያለው ስም እንዳይወጣላት ፈርተው ነው የተናገሩት። ሲስቁባቸው እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ሰው ቤት የመጣ እንግዳ ፈገግ እንደሚለው። ቤቱ የልጃቸው ነው።

አማካሪዋ ሙሉ ስሙን ቴሌቪዥኑ ላይ ጻፈችው። መጀመሪያ የግሪኩ፣ ቀጥሎ የልጄ፣ በመጨረሻ የባሌ። ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«ሦስተኛው ላይ ትንሽ ይወድቃል» አለች።

«ማለት?» አለ ልጄ።

«የአያትየው ስም ይከብዳል። የገጠር ድምፅ አለው። ለፖስት ለፖስት ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ።»

ልጄ የአባቱን ስም ቴሌቪዥን ላይ አየው። «እውነትም» አለና ሳቀ። ባሌ በዚያ ስም ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል፤ ለሰው ከብዶት ሰምቼ አላውቅም። ይህን ልጅ በዚያው ስም ትምህርት ቤት አስገብቶታል፤ በዚያው ስም ዲግሪ ተሰጥቶታል፤ ዲግሪው ከቴሌቪዥኑ በላይ በመስታወት ተሰቅሏል። አማካሪዋ ቀና ብትል ታየው ነበር። ልጄም እንደዚሁ።

እኔ ለባሌ ስም ብዬ አልተነሳሁም። እሱ ሞቷል፤ ልጁንም ያውቀዋል። የተነሳሁት ለኩሽናው በር ነው። ወደ ልጄ ሄጄ በዝግታ፣ «አማትህን ጠይቋቸው» አልኩት።

«ድምፅ ሰጡ እኮ።»

«ድምፅ አይደለም። ሁለታችሁም ሆናችሁ ስም አውጡልን በሏቸው። ልጅቷን አሳቅፏቸው።»

«እማዬ፣ ስሙ ወጣ እኮ አሁን።»

«ቢወጣም ጠይቋቸው።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ፊቱ ግን በራ። ልጄ ፊቱ ሲበራ ጥሩ ነገር እንደማይመጣ አውቃለሁ። ወደ አማካሪዋ ዞሮ፣ «አያቶች በየራሳቸው የቤት ስም ቢያወጡላትስ? ለቪዲዮው» አላት። አማካሪዋ እጇን አጨበጨበች። ይህንን ሐሳብ እሷ ማምጣት እንደነበረባት ተናገረች።

ክብ መብራት ከሻንጣ ወጣ። አንዱ ግድግዳ በሰው ሠራሽ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ለዚህ ለዚህ እንዲሆን ሲገቡ ያሠሩት ነው። የምራቴን እናት ከኩሽናው በር እጃቸውን ይዘው ቅጠሉ ፊት አቆሟቸው። ሲያልፉ በመስኮቱ በኩል ወደ ሰሚት አንዴ አዩ። ማዶ ያሉትን ፎቆች ማለቴ ነው፤ ለእሳቸው ምን እንደሚታያቸው አላውቅም። አማካሪዋ ነጠላቸውን ልታስተካክል እጇን ስትዘረጋ ራሳቸው አስተካከሉት።

«እማ፣ ካሜራውን እያየሽ ነው የምትናገሪው» አለች ምራቴ። አሁን ከሶፋው ተነስታ አልጋው አጠገብ ቆማለች። «እኔ ያወጣሁላት ስም ይሄ ነው ትያለሽ፣ ስሙን ትያለሽ፣ ከዛ ትስቂያለሽ።»

መብራቱ ፊታቸው ላይ በራ። ዓይናቸውን አጠበቡ እንጂ አላዞሩትም። ካሜራውን አላዩም፤ ልጃቸውን ነው ያዩት።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሕፃኗን ስጪኝ።»

ምራቴ ጎንበስ አለች። አንድ እጇን ወደ አልጋው ሰደደች፣ ከልጅቷ አንገት ሥር። ሕፃን ለሽማግሌ የሚያሳቅፍ ሰው እጁን እንዴት እንደሚያስገባ ታውቃለች፤ ለወንድሟ ልጅ አድርጋዋለች። እናቷ ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ኖ ኖ፣ አሁን ከተነሳች ታለቅሳለች» አለች አማካሪዋ ከስልኩ ጀርባ። «ድምፁ ይበላሻል። ማዘር፣ ስሙን ብቻ ይበሉልን።»

እጇ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ምራቴ ከልጅቷ አንገት ሥር አወጣችው፤ እግረ መንገዷን ብርድ ልብሷን አስተካከለች፤ ቀና አለች።

«እሺ እማ» አለች። «በይ።»

እናቷ የዘረጉትን እጅ ወዲያው አልሰበሰቡም። ኋላ አንዱን በአንዱ ላይ አድርገው ሆዳቸው ላይ አሳረፉት። አሁን ካሜራውን አዩ፤ ከዓይን ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው፣ ቀጥ ብለው።

«አንድ ነበረኝ» አሉ። «ረሳሁት።»

አማካሪዋ ሳቀች። ልጄም ሳቀ። «ደስ ሲሉ» አለች አማካሪዋ፣ «ይሄ ራሱ ይቀመጥ፣ አንቆርጠውም።» ምራቴ ከሁሉም ዘግይታ ነው የሳቀችው፤ አጭር ሳቅ ነበር፤ ከዚያ እናቷን ሳታይ፣ «ችግር የለም እማ፣ ሌላ ጊዜ ታስታውሺዋለሽ» አለች።

«እንግዲህ» አሉ እናትየው።

ከመብራቱ ወጥተው ወደ ኩሽናው በር ተመለሱ። ይዘውት የመጡት የገብስ ዱቄት ሲገቡ ያስቀመጡበት ወለል ላይ፣ በፌስታሉ እንዳለ ነው። በእግራቸው ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረጉት፤ ሰው እንዳያደናቅፍ።

እኔን አላዩኝም። አውቀው ነው። ከክረምት ጀምሮ ይዘውት የዞሩትን ስም በአራተኛው ፎቅና በስድስተኛው ፎቅ መካከል የሚረሳ ሰው እንደሌለ እኔ እንደማውቅ ያውቃሉ።

ልጄ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። በሌላ እጁ ቅጠሉን ግድግዳ አሳየኝ።

«እማዬ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው» አለ።

ተነሳሁ። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ጫማዬ በሩ ሥር ነበር፤ አደረግሁት። ሊፍቱ ይሠራ ነበር። በደረጃው ወረድኩ።